ስለ ቤት ውስጥ ጩኸትና ስለ ጎረቤት ጆሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሊቀ ነቢያት ሙሴ ጽላቱን ይዞ ከሲና ተራራ ሲወርድ ደቀ መዝሙሩ ኢያሱ አብሮት ነበረ። ገና ከሰፈሩ ሳይደርሱ የሕዝቡ ጩኸት ተሰማቸው። ኢያሱ የጦር ሰው ነውና ድምፁን በሰማ ጊዜ በሰፈሩ ውስጥ ውጊያ የተነሣ መሰለው፤ ለመምህሩም እንዲሁ ብሎ ነገረው። ሙሴ ግን አዳምጦ፥ የሚሰማው የአሸናፊም የተሸናፊም ድምፅ እንዳልሆነ፥ የዘፋኞች ድምፅ እንደ ሆነ አስረዳው (ዘፀ. 32፥17-18)።

ይህ ምዕራፍ ሲነበብ መምህራን ነገራቸውን የሚያጸኑት በወርቁ ጥጃ ላይ ነው፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን ለዛሬ ከጥጃው ሳልደርስ በመንገዱ ላይ፥ በሁለቱ ሰዎች ጆሮ ዘንድ ጥቂት ልቁም። ድምፁ አንድ ነው፤ የሰሙት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጦርነት ነው አለ፥ ሁለተኛው ዘፈን ነው አለ። ሰው በዓይኑ ያላየውን ነገር በጆሮው ብቻ ሲቀበል የጎደለውን የሚሞላው ከገዛ ኑሮው እየቀዳ ነው። ወታደር ሰልፍ ይሰማል። ልጅዋን በቅርብ የቀበረች እናት ልቅሶ ትሰማለች። በዱላ ያደገ ልጅ ዱላ ይሰማል። የሚጮኸው ሰው ስለ አንዲት ነገር ብቻ ጮኾ ይሆናል፤ የሰሙት ግን ስንት ነገር እንደ ሰሙ አያውቅም።

ከምርኮ የተመለሱት አይሁድ የቤተ መቅደሱን መሠረት በጣሉ ጊዜም የቀድሞውን ቤት ያዩት ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ ሌሎቹ በደስታ እልል ይሉ ነበር፤ ጩኸቱ እስከ ሩቅ አገር ቢሰማም የደስታው ከልቅሶው ሊለይ አልቻለም (ዕዝ. 3፥12-13)። በአንድ አደባባይ አብረው ለቆሙት ካልተለየ፥ ከግድግዳ ማዶ ለተኛ ሰው እንዴት ይለያል?

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ በቤታችን ውስጥ ስለ ጥቂቱም ስለ ብዙውም ስለምናሰማው ጩኸት ነው፤ ጎረቤት ከባድ ነገር የደረሰ መስሎት ስለሚደነግጥበት ጩኸት። የጾምና የንስሐ የቅዱስ ቍርባንም ትምህርት ሳለ ይህን የመሰለ ተራ ነገር በመጽሔት ላይ ማውጣት ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም ከ2 ዓመት በፊት እንዲሁ እል ነበር።

እኔ ባደግሁበት በገጠሩ አገር ቤት ከቤት የተራራቀ ነው። አባት በልጁ ላይ ቢቆጣ የሚሰሙት ከብቱና ውሻው ናቸው። ጩኸት ከቤት ወጥቶ ማዶ ለማዶ ከተሰማ ግን ሥርዓት ነበረው። ጅብ በረት ሲገባ የሚጮኸው ሌላ፥ ቤት ሲቃጠል የሚጮኸው ሌላ፥ ሰው ሲሞት የሚሰማው ዋይታ ሌላ ነው፤ ሕፃን እንኳ ለይቶ ያውቀዋል። የእሪታ ድምፅ ከተሰማ አራሹ በሬዎቹን እንደ ጠመዳቸው ትቶ፥ ጋጋሪዋም እንጀራዋን በምጣዱ ላይ ትታ ይሮጣሉ። ማን ነው፥ ምን ሆነ ብሎ ቆሞ የሚያጣራ የለም፤ ማጣራቱ ከደረሱ በኋላ ነው። ተጣልቶ ሰላምታ ያቋረጠ ጎረቤት እንኳ ለእሪታ ይደርሳል። ሰምቶ የቀረ ሰው ግን በኋላ በሰው ፊት መቆም ያፍር ነበር።

ቃላቱም ይህንኑ ይመሰክራሉ። «የሰው ያለህ!»፥ «የአገር ያለህ!»፥ «የጎረቤት ያለህ!» የሚለው ጩኸት ሰው አለ ተብሎ ታምኖ የሚላክ ጥሪ ነው። «በሕግ አምላክ!» የሚለውም ቃል ከዚህ ይበልጣል። በቀድሞው ዘመን በዚህ ቃል የተያዘ ሰው፥ ያዡ ደካማ እርሱ ብርቱ ቢሆንም፥ ከቆመበት አይነቃነቅም ነበር፤ ሁለቱ ባለጋሮች የልብሳቸውን ጫፍ ተቋጥረው ያለ ዘበኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። አሁን ግን በልጆች ጨዋታ፥ ወንበሬን ወሰድህብኝ በሚል ጠብ ይህ ቃል ሲጠራ ሰምቻለሁ። ልጆቹን አልወቅስም፤ ከማን እንደ ተማሩት ዐውቃለሁና።

በአዲስ አበባ እሪ በከንቱ የሚባል የታወቀ የሰፈር ስም አለ። የዕድሜ ባለጸጎች ሲያወሩ፥ ሥፍራው ጭር ያለ ጨለማ በነበረበት ዘመን ቀማኛ እየሸመቀ አላፊውን ይገፍ ነበርና፥ የተገፈፈውም ሰው ቢጮህ የሚደርስለት አልነበረምና ስሙ ከዚህ የተነሣ ነው ይላሉ። ለአንድ ሰፈር ከዚህ የከፋ ስም ሊወጣለት ይችላልን? ሌባ ያለበት ሰፈር ቢባል ቀላል ነበር፤ ሌባ የሌለበት አገር የለም። ጩኸት ዋጋ ያጣበት ሰፈር ማለት ግን ሰው እያለ ሰው የሌለበት ማለት ነው። ይህን ስም በልጅነቴ ስሰማ የቀማኞቹ ሥራ ይመስለኝ ነበር። በጎልማስነቴ ግን እኔ ራሴ አንዲት ትንሽ እሪ በከንቱ እንደ ሠራሁ ተረዳሁ፤ እንዴት እንደ ሆነ ልናገር።

ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወዲህ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ተሠርተዋል፤ ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም የሚላቸው ናቸው። እኔም ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ከእነዚህ በአንዱ እኖራለሁ። በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ 20 ቤተ ሰቦች ነን። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ደረጃው እንደ ጉድጓድ ድምፅን ተቀብሎ ወደ ላይም ወደ ታችም ያደርሳል፤ ነገር ግን ከየትኛው በር እንደ ወጣ አይናገርም። የአንዱ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ለሁሉ ይሸታል፤ የአንዱ ልጅ ሲያለቅስ ሁሉ ይነቃል። የእግር ኳስ ጨዋታ ባለባት ማታ ሕንጻው በአንድ ጊዜ ያገሳል፤ ይህ ግን ማንንም አያስደነግጥም፤ ከየቤቱ በአንድነት የወጣ ጩኸት ትርጓሜውን ይዞ ይመጣልና።

ጌታ ከሰጠኝ ጥቂት ነገር አንዱ ድምፅ ነው። በዜማ ቤትና በአቋቋም ቤት 14 ዓመት ስጮህ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የክረምት ወንዝ ቢሞላም ድምፅህ ይሻገራል ይሉኝ ነበር። ታዲያ አንድ ማታ ከሥራ ስገባ፥ በቅኔ ቤት ሳለሁ ከመምህሬ ቃል በእጄ የጻፍሁትን ደብተር አነሣሁ፤ ታናሹ ልጄ በባዶው ኅዳግ ላይ ሁሉ የማባዣ ሠንጠረዥ ጽፎበታል። «ገደላችሁኝ! ጨረሳችሁኝ! ምነው ይህን ከማይ ሞቼ ባረፍሁ!» ብዬ ጮኽሁ። ገና ጩኸቴን ሳልጨርስ በሩ ተደበደበ። ከፍቼ ባይ የግቢው ዘበኛ ዱላውን ይዟል፤ በ3ኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ አንድ እግርዋን በነጠላ ጫማ፥ አንዱን በባዶ አድርጋ የመድኃኒት ቦርሳዋን ታቅፋለች፤ ከበላያችን የሚኖር ወጣት ደግሞ ለፖሊስ ሊደውል ስልኩን ጨብጧል። በእኛ ወገን እኔ ደብተሬን፥ ልጄ እርሳሱን፥ ባለቤቴ ጭልፋዋን ይዘን ቆመናል።

ሁሉም ሳቁ፤ ባለቤቴም ቡና አፍልታ አስተናገደቻቸው። እኔ ያን ጊዜ ማፈር ሲገባኝ አላፈርሁም። እንዲያውም ለደብሩ ካህናት እንደ ቀልድ አወራኋቸው፤ ሳቁልኝ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ጠፋብኝ ብዬ ጮኽሁ፤ መብራት በንባብ መካከል ጠፋ ብዬ ጮኽሁ፤ ውሃ መጥቶ ሳለ በርሜሉን ሳትሞሉ ቀራችሁ ብዬ ጮኽሁ። በሁለተኛው ጊዜ የመጣችው ነርሲቱ ብቻዋን ነበረች። በሦስተኛው ማንም አልመጣም። ጎረቤቶቼ ጠባዬን ዐወቁልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ዐወቁልኝ!

የኅዳር ጽዮን ሌሊት ሆነ። እኔ በማኅሌት አድሬ፥ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ረፋዱ ላይ ወደ ቤቴ ስመለስ ነርሲቱ በደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከአጠገብዋ በ4ኛው ፎቅ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት አለች፤ ቀኝ ክንድዋ በነጠላ ታስሮ ከአንገትዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፊትዋንም ወደ ግድግዳው መልሳለች። ባልዋ ሌሊቱን ደብድቧት ነበር። ጮኻለች፤ እርሱም ጮኾአል፤ ዕቃ ተሰብሯል። ከአራት ቤት ያላነሱ ሰዎች ሰምተው ነቅተዋል።

ነርሲቱ ቀና ብላ አየችኝና፥ «አባቴ፥ እኔ እኮ ሰምቻለሁ። የእርስዎ ቤት መስሎኝ ተመልሼ ተኛሁ» አለችኝ።

የምመልስላት አጣሁ። በዚያች ሌሊት እኔ በቅኔ ማኅሌቱ ነበርሁ፤ ጩኸቴ ግን በቤቴ ቀርቶ የሌላውን ሰው ጩኸት ሸፍኖ አደረ። ይህን የምጽፈው በሴቲቱ ፈቃድ ነው፤ የንስሐ ምስጢርም አይደለም፤ በሕንጻው ሁሉ ፊት የተፈጸመ ነገር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሰብሁት ይህ ነው። ሰው በቤቴ ውስጥ ብጮህ የራሴ ነው፥ የቤቴ ምስጢር ነው ይላል። እንዲህ አይደለም። እሪታ የሰፈር ሁሉ የጋራ ገንዘብ ነው፤ እንደ ዕድር ገንዘብ ሁሉም አዋጥቶ ለክፉ ቀን ያኖረው ነው። እኔ ስለ ደብተርና ስለ በርሜል እያወጣሁ በተንሁት፤ የክፉ ቀን በደረሰባት ሴት ላይ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የዕድር ገንዘብ የበላ ሰው በሰፈር ምን እንደሚባል ሁላችን እናውቃለን።

ደግሞም የምንጮኽበትን ቃል እንመርምር። አማርኛችን በሞት ቃል ለጋስ ነው። ቡና ቢደፋ «ገደልሽኝ»፥ ደረጃ ቢወጣ «ሞትሁ»፥ ገንዘብ ቢጎድል «አለቅሁ»፥ ልጅ ቢያመሽ «ዛሬ እገድለዋለሁ»፥ ሳህን ቢሰበር «አንገትሽን ነው የምቈርጠው» እንላለን። በቤት ውስጥ ያለ ሰው የተናጋሪውን ፊት ያያል፤ ከቃሉ በኋላ የሚከተለውንም ፈገግታ ያያል፤ ስለዚህ አይደነግጥም። ፈገግታ ግን ብሎኬት አያልፍም፤ ከግድግዳው ማዶ የሚደርሰው ሞትና አንገት ብቻ ነው። ከእኛ ጎን የሚኖሩት ሰዎች የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። እናትየዋ በኋላ እንደ ነገረችኝ፥ እኔ በጮኽሁ ቍጥር ሕፃኒቱ ከአልጋ ሥር ገብታ ትደበቅ ነበር። እኔ ይህችን ሕፃን በየእሑዱ መስቀል አሳልማት ነበር፤ ለምን እየተሽኰረመመች ከእናትዋ ቀሚስ ኋላ እንደምትሸሸግ ግን አልገባኝም ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፥ ከምእመናን መካከል ሊወገዱ የሚገባቸውን ሲቈጥር ምሬትንና ቁጣን ስድብንም ብቻ አላለም፤ ጩኸትንም ለብቻው በስሙ ጠርቶ ከእነርሱ ጋር ቈጠረው (ኤፌ. 4፥31)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን መልእክት በተረጐመበት በ15ኛው ድርሳኑ ጩኸትን በፈረስ፥ ቁጣን በፈረሰኛ ይመስላቸዋል፤ ፈረሱን ያሰናከለ ፈረሰኛውንም ይጥላል ማለቱ ነው። በዚያው ድርሳን በገረድዋ ላይ የምትጮህን እመቤት ይገሥጻል፤ ድምፅዋ ከቤት አልፎ በመንገድ ለሚያልፈው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ መድረሱን ነውር ይለዋል። ይህ ከተሰበከ ከ1600 ዓመት በላይ ሆነው፤ ሊቁ በእኛ ደረጃ ላይ የቆመ ይመስላል እንጂ የጥንት ሰው አይመስልም። የፈረሱን ምሳሌ በሥራ ፈትኜዋለሁ። ቁጣዬን ልጣል ብዬ ፊት ለፊት የታገልሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከንቱ ነበሩ። ድምፄን ብቻ ዝቅ ላድርግ፥ ቁጣው ቢፈልግ ይቀመጥ ብዬ በጀመርሁ ጊዜ ግን ቁጣው የሚጋልበው አጥቶ ብዙ ሳይቆይ ይሄዳል። ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልልም።

ቤተ ክርስቲያናችንስ ስለ ድምፅ አላስተማረችንምን? በቅዳሴያችን ካህኑ በለኆሳስ የሚጸልየው አለ፤ በዜማ ከፍ አድርጎ የሚያሰማው አለ፤ ሁለቱን ያቀያየረ ቀዳሽ ሥርዓት አፍርሷል ይባላል። ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ግዕዝ፥ ዕዝል፥ አራራይ ብሎ ሲለይ ለእያንዳንዱ ድምፅ ጊዜ ሰጠው። የዚሁ ሊቅ ታሪክም የታወቀ ነው፤ በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ የተመረኰዘው ጦር እግሩን ወጋው፤ ደሙም ፈሰሰ፤ ነገር ግን ዜማው እስኪፈጸም የወጋውም የተወጋውም አላስተዋሉም። እኔ የያሬድን ዜማ 14 ዓመት ተምሬ ስለ ማባዣ ሠንጠረዥ «ገደላችሁኝ» ብያለሁና፥ ይህን ታሪክ ሳስተምር አሁን ድምፄ ይሰበራል።

ይህን ስል መጮህ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። መድኃኒታችን በአደባባይ የማይከራከርና የማይጮህ እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሮለታል (ማቴ. 12፥19)፤ ነገር ግን በአልዓዛር መቃብር ፊት በታላቅ ድምፅ ተጣራ፤ በመስቀልም ላይ በታላቅ ድምፅ ጮኸ። ታላቁን ድምፅ የጠበቀው ለሞትና ለሕይወት ነው። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ወኅኒ ሳለ የእስር ቤቱ ጠባቂ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን በመዘዘ ጊዜ፥ በታላቅ ድምፅ ጮኾ አዳነው (ሐዋ. 16፥27-28)። በዚያች ሰዓት በለኆሳስ መናገር ነፍስ ማጥፋት በሆነ ነበር።

በኦሪትም በሜዳ የተደፈረችው ብላቴና ጮኻ ሳለ የሚያድናት አልነበረምና በደል እንደሌለባት ተጽፏል (ዘዳ. 22፥25-27)። ጩኸት በሕግ ፊት ምስክር ሆኖ የቆመ ነው። ስለዚህ ዝም በሉ የሚለው ትምህርት ለሚመታው እንጂ ለሚመታባት አይደለም። እኛ ካህናት በዚህ ብዙ በድለናል። የቤትሽን ገመና አታውጪ እያልን፥ ታግሠሽ ኑሪ እያልን፥ ክንድዋ ሳይጠገን ወደ ዚያው ቤት የመለስናት ሴት ቍጥርዋ ስንት ነው? ገመና ማለት ድህነት ነው፥ የልጅ ጥፋት ነው፥ የባልና የሚስት ቅያሜ ነው፤ የተሰበረ አጥንት ገመና አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ሥራ ወንጀል አድርጎ ለይቶ ጽፎታል። ሽምግልናችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ቦታው ከሐኪምና ከዳኛ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

አሁን ወደ ሰሚው እንመለስ፤ ጥፋቱ የጮኸው ሰው ብቻ አይደለምና። በዚያች ሌሊት ሰምተው የተኙት ጎረቤቶቼ ክፉዎች አይደሉም፤ በጎነታቸውን በመጀመሪያው ማታ አይቼዋለሁ። የሳቱት በጆሮአቸው መፍረዳቸው ላይ ነው። እግዚአብሔር የሰዶምና የገሞራ ጩኸት ወደ እርሱ በደረሰ ጊዜ፥ ነገሩ እንደ ጩኸቱ እንደ ሆነ ለማየት እንደሚወርድ ለአብርሃም ነገረው (ዘፍ. 18፥20-21)። ከእርሱ የተሰወረ ነገር የለም፤ ልብንና ኩላሊትን ይመረምራል፤ ለማወቅ መውረድ አያሻውም ነበር። እርሱ ሊያውቅ ከወረደ፥ እኛ ሁለት ፎቅ ወርደን ወይም አንድ ፎቅ ወጥተን ለማየት እንዴት ሰነፍን? የእስራኤልም ነገዶች ከዮርዳኖስ ማዶ ያሉት ወንድሞቻቸው መሠዊያ መሥራታቸውን ሰምተው ለጦርነት ተሰበሰቡ፤ ነገር ግን ሰይፍ ከመምዘዝ በፊት ፊንሐስን ልከው ጠየቁ፤ ነገሩም ሌላ ሆኖ ተገኘ (ኢያ. 22)። ሄዶ የጠየቀ ሰው ሁለቱንም ያተርፋል፤ ከንቱ ጩኸት ቢሆን ስቆ ይመለሳል፥ እውነተኛ ቢሆን ነፍስ ያድናል።

በባልና በሚስት መካከል አይገባም የሚለውን ቃል የሚያነሣ አለ። ቃሉ ለነገር አመላላሽ የተባለ ነው እንጂ ለደራሽ የተባለ አይደለም። በሚነደው ቤት ውስጥ ማን ባል ማን ሚስት እንደ ሆነ ጠይቆ ውሃ የሚያፈስ የለም።

በዚያው በኅዳር ወር የሕንጻው ነዋሪዎች በተሰበሰቡ ጊዜ ተነሥቼ ቆምሁና ይቅርታ ለመንኋቸው። ስለ ውሃና ስለ ጽዳት ሊነጋገሩ የመጡ ሰዎች ነበሩና መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ነገሩ በገባቸው ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም። ያ የመጀመሪያ ማታ ስልኩን ይዞ የመጣው ወጣት፥ እርሱም በኅዳር ጽዮን ሌሊት ነቅቶ እንደ ነበረ ተናገረ። በዚያ ስብሰባ እንዲህ ተስማማን፤ ጩኸት የሰማ ሰው የማን ቤት እንደ ሆነ ቢያውቅም ባያውቅም ይወጣል፤ ሁለተኛ ሰው ይጠራል፤ አብረው ያንኳኳሉ። ከተዘጋ በር ኋላ ባል «ደኅና ነን» ቢል አይበቃም፤ ሚስትንም ልጆችንም በዓይን ያያሉ። የተንኳኳበትም ቤት አይቀየምም። ከመካከላችን አንዲት አሮጊት፥ «በከንቱ ከሆነስ የተንኳኳበት ቤት ቡና ያፍላ» አሉ፤ ይህም በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ሴቲቱ ያን ጊዜ ልጆችዋን ይዛ ወደ እናትዋ ቤት ሄዳ ነበር፤ የባልዋም ጉዳይ በሕግ ተይዞ ነበር። ክንድዋ ድኗል፤ እንጀራ ለመጋገር ግን እስከ ዛሬ ከባድ ነገር ማንሣት ያስቸግራታል።

በተከተለው ዐቢይ ጾም አንድ ማታ ጾመ ድጓ እያሰላሁ ነበር። ድምፄ ሳላውቀው ከፍ ብሎ ኖሯል፤ በሩ ተንኳኳ። ነርሲቱ ናት፤ ከኋላዋ ዘበኛው ቆሟል። «አባቴ፥ ዜማ ነው?» አለችኝ። «ዜማ ነው ልጄ» አልኋት። ዓይንዋ ግን በእኔ ላይ አልቆመም፤ በትከሻዬ በላይ አልፎ ባለቤቴንና ልጆቼን ይፈልግ ነበር። በሩን ሰፋ አድርጌ ከፈትሁላት፤ ባለቤቴም ጀበናዋን ልትጥድ ተነሣች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።